ፈቀቅ ያለው አቶም

ደሴ ፒያሳ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ጎራ ብለው የተከፈተ ስልክ ቢያዩ፣ ቦርዱ ላይ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ቡናማ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። ብዙዎቹ የሚሠሩት ባሪየም ታይታኔት ከሚባል ኦክሳይድ ነው። በዚህ ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱን የታይታኒየም አቶም ስድስት ኦክስጅኖች ከበውታል። ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ታይታኒየሙ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሲበርድ ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ይላል። ርቀቱ 0.1 አንግስትሮም ገደማ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር መቶ ሚሊዮንኛ ነው። ካፓሲተሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ቻርጅ የሚይዘው አቶሙ እንዲህ በቀላሉ ፈቀቅ ስለሚል ነው።

ይህን መዛነፍ በኳንተም መካኒክስ ማስላት ይቻላል። ችግሩ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ነው፤ አንድ በአንድ እንከተላቸው ቢባል የትኛውም ኮምፒውተር አይችለውም። ዋልተር ኮን እ.ኤ.አ. በ1964 ከፒየር ሆሄንበርግ፣ በ1965 ደግሞ ከሉ ሻም ጋር ሆኖ መውጫውን አሳየ፦ ኤሌክትሮኖች በየቦታው ምን ያህል እንደተጠጋጉ ማወቅ ይበቃል። ኮን የፊዚክስ ሰው ነበር፤ ኖቤሉን ግን በ1998 እ.ኤ.አ. የወሰደው በኬሚስትሪ ነበር።

ዛሬ ይህን ስሌት የሚሠራ ተማሪ የአቶሞቹን ቦታ በአንድ ፋይል ጽፎ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ የክሪስታሉን ኢነርጂ አስልቶ ይመልስለታል። ከዚያ ታይታኒየሙን ጥቂት አንቀሳቅሶ እንደገና ያሰላል። ኢነርጂው ቀንሶ ያገኘዋል። መሐል ያለው ታይታኒየም ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ ከነኩት በአንዱ በኩል ይወርዳል።

ለዚህ የሚያገለግለው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አምስት አቶም ብቻ ላለው የባሪየም ታይታኔት መሠረታዊ ክፍል ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. የዚሁ የስሌት ሙያ አፍሪካ አቀፍ ሥልጠና አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ደሴ ግቢ እና ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ብዙ ንብረት ተዘርፎበታል። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ምርምር ለእንዲህ ያለ ተቋም ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን ነፃ ፕሮግራም ሁሌ እውነት አይናገርም። የብረት ኦክሳይድን (አንድ ብረት፣ አንድ ኦክስጅን) በተለመደው ስሌት ቢያስገቡት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ይላል፤ እውነተኛው ግን አያስተላልፍም። በብረት፣ በኮባልትና በማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ውስጥ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች ከአቶማቸው አይርቁም፤ እርስ በርስም አጥብቀው ይገፋፋሉ፤ ተራው ስሌት ይህን አሳንሶ ያያል። በ1991 እ.ኤ.አ. «ዩ» የተባለ ማስተካከያ ተጨመረለት። ላንታነም ማንጋናይት በተባለ ኦክሳይድ ውስጥ ማንጋኒዙን ከከበቡት ኦክስጅኖች ሁለቱ 2.2 አንግስትሮም ገደማ ይርቃሉ፤ አራቱ ከ2 በታች ናቸው። ስሌቱ ይህን መዛነፍ ምን ያህል አስጠግቶ እንደሚያሳይ በ«ዩ» መጠን ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ መጠኑን የሚመርጠው ደግሞ ስሌቱን የሚሠራው ሰው ራሱ ነው። እኔ በበኩሌ «ዩ»ው ከየት እንደመጣ የማይናገርን ጥናት አላምንም።

ሙያውን ልሞክር የምትሉ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች በባሪየም ታይታኔት ጀምሩ፤ ውጤታችሁን በላቦራቶሪ ከተለካው ጋር አስተያዩ። ብረቱንና ማንጋኒዙን ከዚያ በኋላ ንኩ።