ታንኳ ተሸካሚው ፖርቶ መጋላ

በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከካናዳ ወሰን አጠገብ፣ ባውንደሪ ዎተርስ የሚባል ከ1000 በላይ ሐይቆችን በጫካው መካከል የያዘ ምድር አለ፤ በአብዛኛው ክፍሉ የሞተር ጀልባ ክልክል ስለሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወደዚያ የሚተመው ሕዝብ በመቅዘፊያ የሚሄዱትን ካኑንና ካያክን በመኪናው ጣሪያ ላይ ጭኖ ይወጣል፤ ከሚኒያፖሊስ የተነሣ እንደ ሆነም ሐመሩ ውሃ ከመንካቱ አስቀድሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በነፋስ ውስጥ ይቀዝፋል። ይህን የየብስ ጉዞ የሚያቃናው ፖርቶ መጋላ ነው።

ገዢው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ክብደት ነው፤ መጠየቁም ነውር የለበትም፣ የብዙ መኪና ጣሪያ በጉዞ ላይ ሳለ የሚችለው 75 ኪሎ ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደት በዚሁ ውስጥ ይቆጠራልና፤ ልኩ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን የአንድ ሰው ካያክ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ የማይበልጥ ስለሆነ፣ ዋናው ባላጋራ ክብደት ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ከታንኳው አፍንጫ ሥር የገባውም አየር ጭነቱን ከነብረቱ ነቅሎ ለማንሣት ይታገላል። ስለዚህ የፖርቶ መጋላው ሁለት አግዳሚ ብረቶች ጣሪያው በፈቀደ መጠን ተራርቀው ሊቆሙ ይገባል፤ ጣሪያዋ አጭር የሆነች መኪና በዚህ ረገድ ድኻ ናት፣ ውድ ዕቃ ቢገዙላትም አትከብርም።

በቀድሞ መኪኖች ጣሪያ ዳርና ዳር የነበረው የዝናብ አሸንዳ ለብረቱ እግር ጽኑ መቆሚያ ነበረ፤ ዛሬ በበዛው ልሙጥ ጣሪያ ላይ ግን እግሩ በየመኪናው ዓይነት ተለክቶ የበሩን አፋፍ ቆንጥጦ የሚይዝ በመሆኑ፣ የጎረቤትን ተውሶ መግጠም ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ካኑ በአፉ ተደፍቶ በአግዳሚዎቹ ላይ ያርፋል፣ በከንፈሩ ግራና ቀኝ ሆነው መንሸራተትን ከሚከለክሉ አራት መቆሚያዎች በቀርም የሚሻው የለም። ካያክ ግን ቅምጥል ነው፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ ሲግል በባዶ ብረት ላይ ተጋድሞ ይሰረጉዳልና፣ ወይ ሆዱን የሚያቅፍ ኮርቻ፣ ወይ በጎኑ የሚያስተኛው ቆልማማ ክንድ ያስፈልገዋል። ክንዱ ለሁለተኛ ካያክ ቦታ ያተርፋል፤ ሆኖም ብቻውን የሚጓዝና ከፍ ያለ መኪና ያለው ሰው ከትከሻው በላይ ማንሣት ስለሚቸግረው፣ ታንኳውን ከኋላ አስደግፎ የሚገፋበት ተንከባላይ ዘንግ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል እላለሁ።

ማሰሪያው ጠፍር በእጅ ተስቦ የሚጠብቅ ይሁን፤ በማንሻ የሚከረከረው ዓይነት ከልክ በላይ አጥብቆ ቀፎውን ያጎብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጥቃል። አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ማሰር በነፋስ ከማጓራት ያድነዋል። አንባቢ ሆይ፣ ጠፍሩ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ የታንኳውን አፍንጫና ጅራት ከመኪናው ፊትና ኋላ ጋር በገመድ ሳታስር ወደ አውራ ጎዳና አትውጣ።