መንግሥት ለሸማች ስለሚያቆመው ገበያ

በቀድሞው ዘመን መንግሥት በገበያ የሚታወቀው በቀራጭነቱ እንጂ በሻጭነቱ አልነበረም። በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ዘመን ቡናው፥ ማሩ፥ ዝባዱና ወርቁ ወደ ነቀምቴ ሲመጣ ገዢው ቀረጡን ይቀበል ነበር፤ ዋጋውን ግን ሻጭና ሸማች ተከራክረው ይቆርጡታል።

መንግሥት ራሱ ለከተማ ሸማች እህል አቅራቢ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የቀበሌ ማኅበራት በየከተማው ተቋቋሙ፤ ሱቆቻቸውም እህሉን፥ ስኳሩንና ሳሙናውን በካርድ ያድሉ ነበር። ይህም ለድኻና ለደመወዝተኛ ታላቅ እፎይታ እንደ ነበረ ያን ዘመን ያየ ሽማግሌ አይክደውም። ነገር ግን እህሉ ስለ ምን እንደ ረከሰ መመርመር ይገባል። ገበሬው ከምርቱ የተመደበበትን ኮታ፥ መንግሥት በወሰነው ዋጋ፥ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ ያም ዋጋ ከገበያው በታች ነበርና የከተማው ሰው እፎይታ ከገበሬው ጎተራ ተቀንሶ የተሰጠ ነው። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ሌላው መንገድ በሻጭና በሸማች መካከል የሚገባውን እጅ ማሳነስ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው፥ ኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የእሑድ ገበያ በዚህ ሐሳብ የቆመ ነው፤ መንግሥት ቦታውን ይሰጣል፥ አምራቹና ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ምርቱን ያመጣል፥ ደላላውም ከመካከል ይወጣል። ይህ በእኔ አስተያየት ከፊተኛው ይሻላል፤ የገበሬውን ድካም አይነካምና።

ለነቀምቴ፥ ለጊምቢና ለደምቢዶሎ ግን በቆሎውና ቡናው በደጅ ስለሆነ፥ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ይበልጥ የሚጠቅመው ከሩቅ ለሚመጣው ዘይትና ሳሙና ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፥ አንድ ነጋዴ ለብቻው ከሚያስጭነው ይልቅ ማኅበሩ በአንድነት ሲያስጭን ኪራዩ ይቀልላል። ስኳር እንኳ፥ ፋብሪካው በወለጋ ምድር በፊንጫ ሳለ፥ በማኅበር ሱቅ ያልተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዋጋው ተወስኖ ዕቃው ካነሰ በጓሮ በር ይወጣልና። ስለዚህ ሱቁ የመጣውን ዕቃ ብዛትና የሚሸጥበትን ዋጋ በሰሌዳ ጽፎ በደጁ ቢሰቅል፥ ማንበብ የሚችል ሁሉ ይቆጣጠረዋል።

ስለ መስፈሪያም አንድ ነገር እንጨምር። ከሥሩ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ የረከሰ መስሎ ያስወድዳል። መምህሩ በጣሳ የተሰፈረውን በቆሎ በሚዛን አስመዝኖ የኪሎውን ዋጋ ተማሪዎቹ እንዲያወጡ ቢያዝዝ፥ የማካፈል ትምህርቱ በገበያ ቀን ይፈጸማል፤ ልጁም ሒሳቡን ለእናቱ ይዞላት ይገባል።