አሊ ወይስ ማርሲያኖ? ያልተካሄደ ግጥሚያ በስሌት ሲታይ

ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አንድ የቦክስ ግጥሚያ ለተመልካች ቀረበ። ተጋጣሚዎቹ ሮኪ ማርሲያኖና መሐመድ አሊ ነበሩ። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፣ 43ቱን በዝረራ ረትቶ፣ በ1956 ጓንቱን የሰቀለ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው። አሊ ደግሞ ወደ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ ክብሩን ተነጥቆ ከሪንግ ታግዶ ነበር። በፊልሙ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ዘረረው። በአውሮፓ በታየው ቅጂ ግን ያሸነፈው አሊ ነው።

ሁለቱ በእውነት ተፋልመው አያውቁም። የማያሚው የሬዲዮ አዘጋጅ ሙሬይ ዎሮነር የቦክሰኞቹን መረጃ ኤን ሲ አር 315 ለተባለ ኮምፒውተር አስገባ። በ1969 ደግሞ ሁለቱን ስቱዲዮ አስገብቶ የተለያዩ መጨረሻዎች ያሉት ፍልሚያ ቀረጸ። ማርሲያኖ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሁለቱም በምርጥ ዘመናቸው ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር? ሳይንስ ይህን ሲጠየቅ የአሸናፊውን ስም ብቻ ጠርቶ ዝም ማለት የለበትም። ዕድሉን በመቶኛ ማስቀመጥ፣ ያ ዕድል የቆመበትንም ግምት ማሳየት አለበት።

የመጀመሪያው መንገድ የጋራ ተጋጣሚ መፈለግ ነው። አርቺ ሙር ሁለቱንም ገጥሟል። ማርሲያኖ በ1955 በ9ኛው ዙር፣ አሊ በ1962 በ4ኛው ዙር ረቱት። ከዚህ ተነስቶ አሊ ይበልጣል ማለት ይቀናል። ነገር ግን በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል ሰባት ዓመት አለ፤ ሙር አሊን ሲገጥም ቢያንስ 45 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሁለቱ የገጠሙት ስሙ አንድ የሆነ፣ ጉልበቱ ግን የተለያየ ሰው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ውጤቶችን እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ነው፤ ይህም ያሳስታል። በ1971 ጆ ፍሬዘር አሊን በነጥብ አሸነፈ። በ1973 ጆርጅ ፎርማን ፍሬዘርን ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ጨረሰው። እንግዲህ ፎርማን አሊን በቀላሉ ማሸነፍ ነበረበት። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ግን አሊ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው። ምክንያቱ የፍልሚያ ስልት ነው። ጎንበስ ብሎ እየገፋ የሚመጣው ፍሬዘር ከታች ወደ ላይ ለሚሰነዘረው የፎርማን ቡጢ የተመቸ ነበር። አሊ ደግሞ ገመድ ተደግፎ፣ ፎርማን ኃይሉን በከንቱ እስኪጨርስ ጠበቀው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦክሰኛ አንድ የደረጃ ቁጥር ሰጥቶ ማበላለጥ አይበቃም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ መታየት አለበት።

የአካል ልኬትም ይናገራል። ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ሲዘረጉ አሊ ከጫፍ እስከ ጫፍ 198፣ ማርሲያኖ 172 ሴንቲሜትር ገደማ ይለካሉ። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል በአንድ እጅ 13 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። በ1985 በብሪታንያ የፍራንክ ብሩኖ ቡጢ ሲለካ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8.9 ሜትር ደርሷል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ያቋረጠውም በ0.1 ሴኮንድ ነው። ሰው ግን ያየውን ተገንዝቦ ለመንቀሳቀስ 0.2 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከቅርብ የተሰነዘረን ቡጢ አይቶ ማምለጥ አይቻልም ማለት ነው። ቦክሰኛ የሚተርፈው የተጋጣሚውን ትከሻና እግር አንብቦ አስቀድሞ በመገመት ወይም ርቀቱን በመጠበቅ ነው። አሊ በዚህ ተክኗል፤ የማርሲያኖ ሥራ ደግሞ ያንን ርቀት ሰብሮ መግባት ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በዘመኑ ደንብ 15 ዙር ይጋጠሙ፤ አሊ እያንዳንዱን ዙር የማሸነፍ ዕድሉም 60 በመቶ ነው እንበል። ዝረራ ባይኖር ቢያንስ ስምንት ዙር የማሸነፍ ዕድሉ 79 በመቶ ይሆናል፤ ዙር በበዛ ቁጥር ትንሿ ብልጫ ትጠራቀማለች። ለማርሲያኖ ደግሞ በየዙሩ አሊን በዝረራ የማሸነፍ 5 በመቶ ዕድል እንስጠው። ትንሽ ይመስላል። ሆኖም 0.95ን አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግመን ስናባዛ 0.46 ይመጣል፤ አሊ እስከ መጨረሻው የመቆም ዕድሉ ይህ ነው። 0.46 በ0.79 ሲባዛ አሊ ከ100 ግጥሚያ የሚያሸንፈው 36ቱን ብቻ ይሆናል። የዝረራውን ዕድል ከ5 ወደ 2 በመቶ ብናወርደው ግን የአሊ ድርሻ ወደ 58 ይወጣል። አንድ ቁጥር በጥቂቱ ሲነካ አሸናፊው ተለወጠ። ኮምፒውተሮች ሞንቴ ካርሎ በተባለው ዘዴ አንድን ግጥሚያ በዕጣ እየመሩ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲያካሂዱም ፍርዳቸው የሚያርፈው ባስገባንላቸው ቁጥር ላይ ነው።

ታዲያ የትኛው ቁጥር ለእውነት ይቀርባል? ለማርሲያኖ 1952 ይመሰክርለታል፤ ፊላደልፊያ ላይ ጀርሲ ጆ ዎልኮት በሁሉም ዳኞች ነጥብ እየመራው ሳለ በ13ኛው ዙር በአንድ ቀኝ ቡጢ ዘረረው። ለአሊ የሚመሰክረው ጠቅላላ ታሪኩ ነው። በ61 ግጥሚያና ከ500 በሚበልጥ ዙር ውስጥ ፍልሚያው ሳያልቅ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ1980፣ በ38 ዓመቱ፣ በላሪ ሆምስ ነው። ያስቆሙትም የራሱ ሰዎች ናቸው። ሶኒ ሊስተን፣ ፎርማንና ኧርኒ ሼቨርስን የመሳሰሉ ብርቱ መቺዎች ሊዘርሩት አልቻሉም። በዚያ ላይ ስሌታችን አሊ ማርሲያኖን አድምቶ የሚያስቆምበትን ዕድል አልጨመረም፤ ማርሲያኖ ግን በ1954 ከኤዛርድ ቻርልስ ጋር ሲፋለም አፍንጫው ተሰንጥቆ ነበር።

በእኔ ሚዛን 2 በመቶው ይበልጥ ያሳምናል፤ ከ10 ግጥሚያ ስድስቱን ለአሊ እሰጣለሁ። አራቱ የማርሲያኖ ናቸው፤ አራት ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድል የተሰጠውም ያሸንፋል። በ1990 ቶኪዮ ላይ ማይክ ታይሰንን የዘረረው ጀምስ ዳግላስ በአቋማሪዎች ግምት የተሰጠው ዕድል 42 ለ1 ነበር። በዚህ ላይ አሊ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ባለው፣ ምናልባትም ምርጡ በነበረው ዕድሜ፣ በእገዳ ምክንያት አልተጋጠመም፤ ለስሌታችን እጅግ የሚያስፈልገው መረጃ ከነጭራሹ አልተፈጠረም። ስለዚህ ከትንበያ ሰጪ ሁሉ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ከመቶ ስንቱን እንደሚያሸንፍና የትኛው ቁጥር ቢለወጥ ሐሳቡን እንደሚለውጥ። ሁለቱን የሚመልስ ሰው ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ የት እንደሆነ ማግኘትና ማረም ይቻላል።