በገዳሪፍ በኩል የመጡት ሥዕል ሰብሳቢዎች

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ብቻ አይደለችም፤ ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ የሚያርፍባት በርም ናት። ከእርስዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ገላባት ይደርሳል፤ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ይገባል። በዚህ መንገድ ከነጋዴ በቀር የጥንት ዕቃ ሰብሳቢም አልፎበታል።

በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. ከዳካር ተነሥቶ በ1932 በገላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ጎንደርም ደርሶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ተመለከተ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ መሆናቸው ይነገራል። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው የተለጠፉ ስለነበሩ፣ ግድግዳው ሳይፈርስ ሊላጡ ቻሉ። ከጓዱ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂ ሠራ፤ ቅጂው በስፍራው ሲተካ ዋናዎቹ ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። ዛሬም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምትክ መስጠት ፍርድን ይፈጽማልን? አንዳንዱ ሰው «ሥዕሎቹ ከዝናብና ከምስጥ ዳኑ» ይላል፤ ይህም ከንቱ ነገር አይደለም። ነገር ግን የጎንደር ልጅ የአያቶቹን እጅ ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ሆኖበታል። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ፣ ጓዱ በዛሬይቱ ማሊ ቅዱሳን ዕቃዎችን እንዴት በማስፈራራት እንደወሰደ ሳይሸሽግ ተርኳል።

ሌላም ዓይነት መሰብሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ የጥንት ሥዕሎችን ለሙዚየሙ ሰበሰቡ። እነዚያ ሥዕሎች ከአገር ሳይወጡ ለተመልካችና ለተማሪ ቀረቡ። ሁለቱም ሥዕል ወዳዶች ነበሩ፤ ልዩነቱ ሥዕሉ በመጨረሻ የት ተቀመጠ በሚለው ላይ ነው።

በቤቱ የቆየ ሥዕል ያለው ቤተሰብ ከጪስና ከእርጥበት ያርቀው፤ በውሃ አይጠበው። ማን እንደሣለው፣ መቼና ከማን እንደተገኘ በወረቀት ጽፎ አብሮ ያኑር፤ ታሪኩ የጠፋበት ሥዕል በርካሽ ይሸጣልና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሆኖም ድንበር ጠባቂው የሚፈትሸው በሩ የደረሰውን ሻንጣ ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ «አልሸጥም» ማለት የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው።