በዕቁብ ገንዘብ ቤት ውስጥ ሲኒማ

ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀንን ጉዳይ ዛሬ ይዘን ቀርበናል። አራት አምስት ቤተሰብ ዕቁብ ይጥልና ማታ ማታ ልጆች ተሰብስበው ፊልምና ኳስ የሚያዩበት ዕቃ ሊገዛ ከአሊ አዴ ወይም ከሆል ሆል ወደ ጅቡቲ ከተማ ይወርዳል። ራስ ዲካ ገብቶ፣ ዛሬ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ የሚባለውን፣ ሰው ግን አሁንም ምኒልክ አደባባይ የሚለውን ዞሮ ሱቅ ለሱቅ ይጠይቃል። ያ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይሰበሰብም።

ዋጋ በዶላር ከተነገራችሁ አትደናገሩ። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው፤ 100 ዶላር ቢሏችሁ 17,770 ፍራንክ አካባቢ ማለት ነው።

መጀመሪያ ዓይን የምትስበው ትንሿ ፕሮጀክተር ናት። ካርቶኗ ላይ ብዙ ሺህ ሉመን ተጽፏል። አትመኑት! ትክክለኛው መለኪያ «አንሲ ሉመን» የሚባለው ነው። እሱ ካልተጻፈ፣ መብራት ሳይጠፋ አሳዩን በሉ። «1080 ይደግፋል» ማለትም ፊልሙን ይቀበላል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። ያገለገለ የቢሮ ፕሮጀክተር ከሆነ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ ሜኑው ላይ ይታያል፤ የብዙዎቹ ዕድሜ ከ2000 እስከ 4000 ሰዓት ነው። አዲስ አምፖል ደግሞ አንዳንዴ ከማሽኑ ይወደዳል።

ሌላም ነገር አለ። የእንግሊዝ ኳስ ቅዳሜ አብዛኛው የሚጀምረው በእኛ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ከሆነ ፀሐይ ገና አልገባችም። ርካሿ ፕሮጀክተር በዚያ ሰዓት አንሶላው ላይ ጥላ እንኳ አታሳይም። ስለዚህ እኛ የምንመክረው 32 ኢንች ኤል.ኢ.ዲ. ቴሌቪዥን ነው። ፕሮጀክተር የሚያዋጣው ከጨለመ በኋላ ለብዙ ሰው ፊልም ብቻ ለሚያሳይ ነው።

አምስት ስፒከር ያለው «ሆም ቴአትር» ያምራል፣ አንክድም። ግን የተሠራው ግድግዳ ላለው ክፍል፣ ተመልካቹ መሐል ለሚቀመጥበት ነው። በድንኳን ወይም በደጅ ድምፁ ተበትኖ ይቀራል። ሁለት ደህና ስፒከር ይበቃል፤ የተረፈውን ባትሪ ላይ አውሉት።

ዋናው ጣጣ መብራት ነዋ! 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ አዲስ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ቶሎ እንዳይሞት ከግማሹ በላይ ባትጨርሱት ይሻላል። ቴሌቪዥኑ 50፣ ስፒከሩ 20 ዋት ቢበላ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተጨምሮ ከ80 እስከ 90 ዋት ነው። ሁለት ፊልም አይቶ ይተርፋል። በበጋው ሙቀት ባትሪውን ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ካምሲን ሲነፍስ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍኑት፤ ሲሠራ ግን አትሸፍኑት፣ ይታፈናል።

ዕቃው ማን ቤት እንደሚያድር ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቀን ላይ በባትሪው ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ማታ ፊልሙ እኩሌታው ላይ ቀጥ ይላል።