ፓግ ይሻላል ወይስ ካቫሊየር?

ከቤት እንስሳት ሁሉ ከሰው ጋር በመኖር ቀዳሚው ውሻ ነው። ላምና በግ፥ ፈረስና አህያ ገና ሳይለመዱ ውሻ በአዳኞች እሳት ዙሪያ ተኝቶ ያድር ነበር። በአገራችንም ውሻ ያልኖረበት ዘመን አይታወቅም። ሆኖም የአገራችን ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ኑሮው ከደጅ ነው፤ ሥራውም ሌባና ጅብ ሲመጣ መጮኽ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችንም ውሻን የሚያውቀው በዚሁ በዘበኝነቱ ነው። ከቤት ገብቶ በጭን ላይ የሚቀመጥ ውሻ ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደ ነበራቸው የታወቀ ቢሆንም፥ ይህ የቤተ መንግሥት ወግ እንጂ የሰፈር ልማድ አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። በፎቅ ቤት የሚኖር ወጣት ባለትዳር ግቢ የለውም፤ ልጆቹ ግን ውሻ ይፈልጋሉ። ትልቅ ውሻ በሁለት ክፍል ውስጥ አይመችም። ስለዚህ ዐይኑን በትናንሾቹ የውጭ አገር ዝርያዎች ላይ ይጥላል። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራችንም «እስቲ እናንተ መጽሐፍ ታገላብጣላችሁ፤ ለልጆቼ ፓግ ልግዛ ወይስ ካቫሊየር?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም ለጊዜው የመሰለን እንዲሁ ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ስለ ውሻ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ምርጫና ስለሚያስከትለው ዕዳ የሚያስተምር ሆኖ አገኘነው።

ሁለቱን እናስተዋውቅ። ፓግ ፊቱ የተጨማደደ፥ አፍንጫው የተደፈጠጠ፥ ጅራቱ በጀርባው ላይ የተጠቀለለ፥ ጠጕሩ አጭር የሆነ ደንዳና ውሻ ነው። ሙሉ ስሙ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የተባለው ደግሞ ጆሮዎቹ ረዣዥም ሆነው የተንጠለጠሉ፥ ጠጕሩ እንደ ሐር የለሰለሰ፥ ዐይኖቹ ትልልቅና ትሑት የሆኑ ውሻ ነው። በክብደት ብዙ አይበላለጡም፤ ፓግ ከ6 እስከ 8 ኪሎ፥ ካቫሊየርም ከ5 ኪሎ ተኩል እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱም ሰው ወዳድ ናቸው፤ ሁለቱም ከልጆች ጋር ይስማማሉ። ለዘበኝነት ግን ሁለቱም አይጠቅሙም፤ በተለይ ካቫሊየር ለሌባውም ጅራቱን ሳይቈላ አይቀርም። እንግዲህ በጠባያቸው ይህን ያህል ከተመሳሰሉ መለያው ወዴት አለ? መለያው በታሪካቸውና በአካላቸው ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የፓግ መነሻው ቻይና ነው፤ በዚያ በቤተ መንግሥት ይቀለብ ነበር። ወደ አውሮጳ ያመጡትም የሆላንድ ነጋዴዎች እንደ ሆኑ ይነገራል። በሆላንድ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ፤ በ1572 የኦራንዡ ልዑል ዊልያም ከሠራዊቱ ጋር በሰፈረበት የእስፓኝ ወታደሮች በሌሊት ሊገድሉት ሲመጡ፥ ከአጠገቡ የተኛው ትንሽ ውሻው እየጮኸና ፊቱን እየቧጠጠ ቀስቅሶ አዳነው ይላሉ። በዴልፍት ከተማ ባለው የልዑሉ መቃብር ላይ ዛሬም የውሻ ምስል ከእግሩ ሥር ተኝቶ ይታያል። ያ ውሻ ፓግ ነበር ብለው የሚተርኩ ብዙዎች ናቸው።

የካቫሊየር ስም ደግሞ ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቻርልስ ዳግማዊ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ንጉሥ ትናንሽ ስፓኒየሎችን እጅግ ይወድ ነበር። በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ በ1667 በዕለት ማስታወሻው እንደ መዘገበው፥ ንጉሡ በምክር ቤት ተቀምጦ ሳለ ጉዳዩን ትቶ ከውሻው ጋር ይጫወት ነበር። ፒፕስ ይህን ሲያይ ማዘኑን አልደበቀም። ለማንኛውም በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች የሣሏቸው ስፓኒየሎች አፍንጫቸው ረዘም ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ወጉ ተለወጠ። ሰዎች አጭር አፍንጫ ወደዱ። ስፓኒየሎቹም ከፓግና እርሱን ከመሳሰሉ ዝርያዎች ጋር ሳይዳቀሉ እንዳልቀሩ ይገመታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ቻርልስ ውሻ የሚባለው ፊቱ የተደፈጠጠ፥ ግንባሩ የጐበጠ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መካከል ሮዝዌል ኤልድሪጅ የሚባል አንድ አሜሪካዊ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በሥዕል የሚያውቀውን የጥንቱን ውሻ ቢፈልግ ሊያገኘው አልቻለም። ስለዚህ በ1926 ክራፍትስ በተባለው ታላቅ የውሻ ትርዒት ላይ፥ እንደ ጥንቱ ረዥም አፍንጫ ላለው ምርጥ ውሻ 25 ፓውንድ እንደሚሸልም አስታወቀ። አርቢዎች መጀመሪያ ሳቁበት። ዳሩ ግን ገንዘቡ ሥራውን ሠራ። በ1928 አንስ ሰን የተባለ ውሻ ተሸለመ፤ ኤልድሪጅ ግን ይህን ሳያይ ሞተ። በ1945ም የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር ካቫሊየርን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ መዘገበው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የውሻን አፍንጫ ያሳጠረው የሰው ገንዘብ ነበር፤ መልሶ ያስረዘመውም የሰው ገንዘብ ነው። አርቢው የሚያረባው የሚሸጥለትን ነው። ስለዚህ ውሻ የሚገዛ ሰው የተወለደውን ቡችላ ብቻ የሚገዛ ይመስለዋል እንጂ፥ በእውነቱ የሚወለዱትንም እያዘዘ ነው። ዛሬ አፍንጫ የሌለውን ቡችላ «እንዴት ያምራል!» ብለን ከገዛን፥ ለመጪው ዓመት አፍንጫው ከዚህም ያጠረ ይወለድልናል።

በፓግ የደረሰው ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርት በ1745 ራሱን ከውሻው ጋር የሣለበት ሥዕል በለንደን በቴት የሥዕል ቤት ይገኛል። ይህ የሆጋርት ፓግ አፍንጫው በግልጥ ወደ ፊት የወጣ ነው። የዛሬው ፓግ ግን ፊቱ እንደ ግድግዳ ነው። ችግሩ የመልክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የራስ ቅሉ አጥንት አጠረ እንጂ በውስጡ ያለው ሥጋ በዚያው ልክ አላጠረም። ስለዚህ የአፍንጫው ቀዳዳ ይጠባል፤ የላንቃው ሥጋ ይተርፍና ወደ ጕሮሮው ገብቶ አየር ይከለክለዋል። ባለቤቱ «ሲያንኰራፋ ደስ ይላል» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የመታፈን ድምፅ ነው። በተጨማሪም ውሻ እንደ ሰው በሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። በደንብ ማለክለክ ያልቻለ ውሻ በሙቀት ቀን ሊሞት ይችላል። ብዙ የአየር መንገዶች አፍንጫ አጭር ውሾችን በዕቃ መጫኛ ክፍል አንጭንም የሚሉት ስለዚህ ነው። ዐይኑም ወደ ውጭ የፈጠጠ ስለ ሆነ በቀላሉ ይቈስላል፤ በፊቱ እጥፋት ውስጥም እርጥበት ተጠራቅሞ ቈዳውን ያቈስላል። የለንደን የንጉሣዊ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊቃውንት በ2022 ባወጡት ጥናት ፓግ በአንድ ዓመት ውስጥ በበሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ውሾች 1.9 እጥፍ እንደ ሆነ ገልጸዋል።

ታዲያ «ካቫሊየር ይሻላል» ብለን እንፍረድ? ጥቂት እንታገሥ። የካቫሊየር አፍንጫ ቢረዝምም ሕመሙ በደረቱ ውስጥ ተደብቋል። በልብ ግራ ክፍል ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ክዳን አለ። በብዙ ካቫሊየሮች ይህ ክዳን ገና በወጣትነታቸው መበላሸት ይጀምራል። አምስት ዓመት ከሞላቸው ገደማ ግማሾቹ፥ አሥር ዓመት ከደረሱት ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል፥ ይህ የልብ ሕመም ይታይባቸዋል። ውሻው ያስለዋል፤ ይደክማል፤ ተኝቶም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከዚህ ሌላ የኋላ ራስ ቅሉ ለአንጐሉ ስለሚጠበው በአከርካሪው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የሚያሠቃየው ካቫሊየር አለ። እንዲህ ያለው ውሻ ሲሄድ ድንገት ቆሞ አንገቱን ያልነካውን አየር በእግሩ ይቧጥጣል። ልጆች ይህን አይተው ይስቃሉ፤ እርሱ ግን እየታመመ ነው።

መንግሥታትም ነገሩን ችላ አላሉትም። በሆላንድ ከ2019 ጀምሮ የአፍንጫው ርዝመት ከራስ ቅሉ ርዝመት ሲሶ ያልደረሰ ውሻ ለማራባት እንዳይውል ደንብ በሥራ ላይ ውሏል። በኖርዌይ ደግሞ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ክስ አቅርቦ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካቫሊየርን እንደ ነበረው በዚያው በተዘጋው ዘር ውስጥ ማራባት የእንስሳት ደኅንነትን ሕግ የሚጥስ ነው ሲል ወሰነ። ከሌላ ዝርያ ጋር በጥናት አዳቅሎ ጤናውን የመመለስ በር ግን አልተዘጋም።

አሁን ወደ ባልንጀራችን ጥያቄ እንመለስ። ደጋ አገር የሚኖር፥ ረዥም መንገድ መሄድ የማያዘወትር፥ ጠጕር ለማበጠር ጊዜ የሌለው ሰው ፓግን ያስብ። ነገር ግን ነገ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጋምቤላ ሊዛወር የሚችል ወጣት ሹም ፓግ ባይገዛ ይሻለዋል። ፓግ አጭር ጠጕር ቢኖረውም ልብስና ምንጣፍ ላይ ጠጕሩን በብዛት እንደሚያራግፍም ይወቅ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል መራመድ የሚወድና ማበጠሪያ ለመያዝ የማይሰለች ቤተ ሰብ ደግሞ ከካቫሊየር ጋር ይስማማል። ይህ ውሻ የአደን ዘር ስለ ሆነ ወፍ ካየ መኪናም ሳይፈራ ስለሚሮጥ በመንገድ ላይ መፈታት የለበትም። ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ፥ በቤቱም ሰው የማይውልበት ሰው ግን ሁለቱንም ይተዋቸው፤ ለብቻ ሆኖ መዋል ለሁለቱም ሥቃይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሻጩን መጠየቅ ይገባል። የካቫሊየር ሻጭ የቡችላው ወላጆች ሁለት ዓመት ተኩል ከሞላቸው በኋላ በሐኪም የተመረመረ ጤነኛ ልብ እንዳላቸው፥ አያቶቹም በአምስት ዓመታቸው ልባቸው ደኅና እንደ ነበር ማስረጃ ያሳይ። እንግሊዛውያን አርቢዎች ራሳቸው ያወጡት መመዘኛ ይህ ነው። ለፓግም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2019 በእንግሊዝ አገር ሥራ ላይ የዋለ ፈተና አለ፤ ሐኪሙ የውሻውን ትንፋሽ ያዳምጣል፥ ውሻው ሦስት ደቂቃ ያህል በሶምሶማ ይሮጣል፥ ከዚያ ሐኪሙ እንደገና ያዳምጠዋል። ይህን ፈተና ማንም ገዢ በቤቱ ሆኖ እንደ ሐኪም መፈጸም ባይችልም፥ የቡችላውን እናት ጥቂት አስሮጦ ትንፋሿን መስማት አይከለከልም። የአፍንጫዋ ቀዳዳ የተከፈተ፥ ትንፋሿም ጸጥ ያለ ከሆነ ተስፋ አለ። እናቲቱን አላሳይም የሚል ሻጭ ካጋጠመ ግን ኪስን ዘግቶ መመለስ ነው።

የትኛውም ቡችላ ይገዛ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊታለፍ አይገባም። ይህ በሽታ በአገራችን አለ፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሕፃንንም ከውሻ ጋር ብቻውን መተው፥ ውሻው ምንም ያህል ገር ቢሆን፥ አስተዋይነት አይደለም።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። የወላጆቹ ልብ የተመረመረ ካቫሊየር ከተገኘ ለልጆች ከፓግ ይልቅ እርሱን እንመርጣለን፤ ቢያንስ እየሮጠና እየተነፈሰ ያድጋል። ማስረጃ የሌለው ካቫሊየርና የሚያንኰራፋ ፓግ ብቻ ከቀረቡልን ግን ሁለቱንም አንገዛም። ለሐኪም ብዙ ወጪ፥ ለልጆችም ኀዘን የሚያተርፍ ውሻ በውድ ዋጋ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። በጎረቤት ግቢ የተወለደችው የአገራችን ቡችላ አፍንጫዋ ረዥም ነው፤ ትንፋሿም የሚሰማው ስትሮጥ ብቻ ነው። ገና በልጅነቷ ከቤት ገብታ ከልጆች ጋር ብታድግ ፍቅሯ ከማንም አያንስም። ቁመቷ እስከ ምን እንደሚደርስ ለመገመት እናቷን ማየት ይበቃል።

ኤልድሪጅ በ25 ፓውንድ የአንድ ዝርያን ፊት ለወጠ። እኛም ገንዘባችንን ከመቍጠራችን በፊት «እናቲቱን አሳየኝ፤ ትንፋሿን ልስማ፤ የሐኪሙ ወረቀት የት አለ?» ብንል፥ አርቢው በሚቀጥለው ዓመት ይህን ጥያቄ የሚመልስ ቡችላ ይዞ ይመጣል።