«መግባት ክልክል ነው» የሚለው የሰርቨር መልስ

አንድ ተማሪ የፈተና ውጤቱን ለማየት የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ከፈተ እንበል። በሚጠብቀው ሰንጠረዥ ፋንታ በነጭ ገጽ ላይ «403» የሚል ቁጥርና «ይህን ለማየት ፈቃድ የለዎትም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ብቅ ይልበታል። ተማሪው ውጤቱ የተሰረዘ፣ ወይም እርሱ በተለይ የተከለከለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። መልሱ ከምን እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚስተካከል፣ እንዲሁም በምን ዓይነት አማርኛ ሊጻፍ እንደሚገባው ቀጥለን እንመለከታለን።

ድረ ገጾችን አከማችቶ ለጠያቂ የሚያቀርበው ፕሮግራም ሰርቨር ይባላል። በሰፊው ከሚሠራባቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቼና በ2004 ለሕዝብ የቀረበው ኤንጂንኤክስ ይገኙበታል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። 200 ማለት ጥያቄው ተፈጽሟል ማለት ነው። በ4 የሚጀምሩት ቁጥሮች ጉድለቱ በጠያቂው በኩል መሆኑን እንዲያመለክቱ የተመደቡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ይህ አመዳደብ ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነው ለማለት አይቻልም፤ ፈቃዱን ያዛባው ብዙ ጊዜ የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ ነውና።

ሰርቨሩን በአንድ ግቢ በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ አድርጋችሁ ገምቱት። 401 ሲል «ማን ነዎት? መታወቂያዎን ያሳዩኝ» ማለቱ ነው። 404 ሲል «የሚፈልጉት እዚህ የለም» ማለቱ ነው። 403 ሲል ግን «የሚሉት ገብቶኛል፤ ሆኖም አላስገባዎትም» ማለቱ ነው። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ያለ አንዳች ለውጥ ደጋግሞ ማቅረብ ብዙውን ጊዜ ፋይዳ የለውም። ዘበኛው የተፈለገውን ነገር መኖር እንኳ ለመሰወር ሲሻ በ403 ፋንታ 404 ብሎ ሊመልስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የወጣው የአሠራር ደንብ ይፈቅድለታል።

የድረ ገጹ ኀላፊ ብትሆኑ ከማናቸውም ነገር በፊት የስሕተት መዝገቡን አንብቡ። ሰርቨሩ ለጎብኚው የማይነግረውን ምክንያት በዚያ መዝገብ ይጽፈዋል። ጠያቂው በሰርቨሩ ደንብ እንደ ተከለከለ የሚናገር መስመር ካገኛችሁ ችግሩ ያለው ሰው በጻፈው ደንብ ውስጥ ነው። ለፎልደሩ መነሻ ገጽ እንዳልተገኘለት የሚናገር ከሆነ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ መነሻ የሚሆን ፋይል አልተቀመጠም፤ ሰርቨሩም ዝርዝሩን እንዳያሳይ ስለ ታዘዘ በሩን ይዘጋል። እነዚህ ሁለቱ በቶሎ የሚቃኑ ናቸው። ብዙ ሰው የሚቸገረው በሦስተኛው፣ ይኸውም በፋይል ፈቃድ ነው።

በሊኑክስ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል ለሦስት ወገኖች የተሰጠ ፈቃድ አለው፤ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይቈጠራሉ። እንግዲህ 644 የተባለ ፋይል ባለቤቱ የሚያነበውና የሚጽፍበት ሲሆን (4 ሲደመር 2)፣ የቀሩት ማንበብ ብቻ ይችላሉ። ለድረ ገጽ ፋይሎች የተለመደው ይህ ነው። ለፎልደሮች ግን 755 ይሰጣል። ልዩነቱ ለምን መጣ? ለፎልደር ሲሆን «ማስኬድ» የሚባለው ፈቃድ ትርጉሙ «በዚህ በኩል ማለፍ» ነውና። በጓዳ ያለውን ዕቃ ለማምጣት የግቢው በር፣ የሳሎኑ በር፣ የጓዳውም በር መከፈት አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢቈለፍ የጓዳው መከፈት ብቻውን አይበቃም። ውጤት የያዘው ፋይል ትክክለኛ ፈቃድ እያለው 403 የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱ ስለ ተዘጋ ነው። «ናሜይ» የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ከሥር እስከ ጫፍ ያሉትን በሮች በየተራ ስለሚያሳይ ፍለጋውን ያቀልላል።

አንዳንዶች ተቸግረው ለሁሉም ነገር 777 ይሰጣሉ። ይህ የጠፋ ቁልፍ ከመፈለግ ይልቅ መዝጊያውን ገንጥሎ እንደ መጣል ነው፤ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ማንኛውም ተጠቃሚ ወይም ፕሮግራም የተማሪዎችን ውጤት እስከ መለወጥ ይደርሳል። ፈቃዱም ደንቡም ትክክል ሆኖ ክልከላው ከቀጠለ፣ በሬድ ሃትና በፌዶራ ሥርዓቶች ላይ ኤስኢሊኑክስ የተባለው ተጨማሪ ጠባቂ ከልክሎ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። ሰርቨሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ደረቅ መልስ በራሳችሁ ጽሑፍ መተካት ትችላላችሁ። የሚከተሉትን ሁለት መልእክቶች አነጻጽሩ፦

ሀ. «ክልክል ነው። አልተፈቀደልህም።»

ለ. «ይህ ገጽ የተከፈተው ለተመዘገቡ ተማሪዎች ብቻ ነው። ተመዝግበው ከሆነ በመለያ ስምዎ ገብተው እንደገና ይሞክሩ። ከገቡ በኋላም ይህ ጽሑፍ ከታየዎት የትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት ያነጋግሩ፤ የገጹን አድራሻና የሞከሩበትን ሰዓትም ይንገሩ።»

በመጀመሪያው «አልተፈቀደልህም» የሚለው ግስ ተገብሮ ነው፤ ከልካዩ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ አንባቢውም ወደ ማን አቤት እንደሚል አያውቅም። ከዚህም በላይ «-ህ» የሚለው ምዕላድ የሚያመለክተው አንድን ወንድ ብቻ ነው። ገጹን የከፈተችው ግን ሴት ተማሪ ወይም የልጃቸውን ውጤት የሚጠባበቁ አባት ሊሆኑ ይችላሉ። የማይታይን አንባቢ «እርስዎ» ብሎ መጥራት ከአክብሮቱ በተጨማሪ ወንድና ሴት ሳይለይ ሁሉን ስለሚይዝ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የተመቸ ነው። ሁለተኛው መልእክት ምክንያቱን ይናገራል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ያመለክታል፤ ከዚያም የሚጠየቀውን ክፍል ይጠቁማል። የፋይሉን ውስጣዊ አድራሻና የፕሮግራሙን ዓይነት አለመጥቀሱንም ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር ለተቸገረ ተማሪ አይጠቅመውም፤ ለሰርጎ ገብ ግን ይጠቅመዋል።

መልእክቱን በፋይል ካስቀመጣችሁ በኋላ በአፓቼ «ኤረር ዶክዩመንት» በተባለው ትእዛዝ ከ403 ጋር ታገናኙታላችሁ። የፋይሉን አድራሻ ስትጽፉ በዚያው ሰርቨር ያለውን አጭር አድራሻ ስጡ። የድረ ገጹን ሙሉ ስም ከነመነሻው ብትጽፉ ሰርቨሩ ጎብኚውን ወደ ሌላ ገጽ እንዲሄድ ስለሚነግረው 403 የሚለው መልስ ይጠፋል። መልእክቱ የተጻፈበት ፋይል ራሱ ለንባብ ክፍት መሆን አለበት፤ አለዚያ ክልከላውን የሚያስረዳው ገጽ ራሱ ይከለከላል፤ እንዲህ ያለው ነገር ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ገጹ በዚህ አጻጻፍ መሆኑ ካልተገለጸ ብራውዘሩ ሦስቱን ባይቶች ለየብቻ ሊያነባቸውና በአማርኛው ፋንታ ትርጉም የለሽ ምልክቶችን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መግለጫውን በገጹ መጀመሪያ ላይ አስገቡ፤ ከዚያም ወደ ድረ ገጹ ባልገባ ስልክ የተከለከለውን ገጽ ከፍታችሁ አማርኛው በትክክል መነበቡን፣ በሰርቨሩ የጎብኚዎች መዝገብ ላይም 403 መመዝገቡን አረጋግጡ።